ከአሰብ የመጣ ብርድ

«መሰላሉን! መሰላሉን ያዙ እንጂ!»

መሰላሉ ወድቋል። ጋሽ ተሰማ ከላጢፋ ቤት ግድግዳ ወደ ውጭ የወጣውን የኤር ኮንዲሽነር ጀርባ በሁለት እጃቸው አቅፈው ተንጠልጥለዋል። ካቻቪቴያቸው ጆሯቸው ላይ ተሰክቷል። ዓይናቸውን ጨፍነዋል። እግራቸው አየር ይረግጣል።

«አንተ ጋዜጣ! ቆመህ ታየኛለህ? በቃ ለአቻምየለሽ ንገራት፤ ትልቁን ድስቷን የበሳሁት እኔ ነኝ!»

ጋዜጣ ላይ ስለምጽፍ ሰፈሩ «ጋዜጣ» ይለኛል።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይልቀቁት። መሬቱ ቅርብ ነው።»

«ስንት ሜትር ይሆናል?»

«ክንድ አይሞላም።»

«በሜትር ነው የጠየቅኩህ!»

በየሰፈሩ አንድ ጋሽ ተሰማ አለ። ቀበሌ የሌለው ሰፈር ቢገኝ እንኳ ጋሽ ተሰማ የሌለው አይገኝም። የተበላሸ ዕቃ ከሩቅ ይሸተዋል። ሳይጠራ ይመጣል። ያንኳኳል፣ ጆሮውን ይለጥፋል፣ ከዚያ «ትንሽ ነገር ናት» ይላል። ያቺ ትንሽ ነገር ሳይመሽ ወለሉን ሞልታ ቤተሰቡን ደጅ ታሳድራለች። ሲገጣጥም ሁልጊዜ የሚተርፍ ብሎን አለ። የተረፈው ብሎን ደግሞ መጀመሪያውንም አያስፈልግም ነበር። «ፈረንጅ ብሎን ማብዛት ይወዳል» ይላል።

የእኛዎቹ ክቡር መሐንዲስ፣ የአቃቂ በሰቃው ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡት ከባቡር ነው። «እኔ ባቡር ያቆምኩ ሰው ነኝ» ይላሉ። ሐሰት የለበትም። ጣቢያው ላይ ቀይ ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር።

በቀለ የሚባል ጎረቤታችን ሬዲዮኑን ሰጣቸው። ሲመለስለት አንድ ጣቢያ ብቻ ይይዛል፤ እሱም በደርግ ዘመን ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚሰማው ዓይነት። በቀለ ደንግጦ ሊዘጋው ሲል ቁልፉ እጁ ላይ ቀረ። ሬዲዮኑን በርበሬ ጆንያ ውስጥ ቀበረው። ባትሪው እስኪያልቅ ጆንያው ዜና ሲያነብ ሰነበተ።

የእኔ የእጅ ሰዓት ከእሳቸው እጅ ከወጣ ወዲህ የሚሠራው በጀርባው ሲተኛ ብቻ ነው። ሰዓት ስጠየቅ «ቤት ሄጄ ልየው» እላለሁ።

ያጠፋቸው ግን የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ነው። ከጠገኑት በኋላ ስብሰባው አለቀ፣ ማጉያው አልጠፋም አለ። ሊቀመንበሩ ለጸሐፊያቸው «ይህን ሁሉ ሰዓት የተናገርኩት ገብቶሃል? እኔ እንጃ» ሲሉ ድምፃቸው ከቃሊቲ ኬላ እስከ አቃቂ ድልድይ ደረሰ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ ካውያውን በነጠላ ሸፍኖ በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ጠጋኝ ይወስድ ጀመር። ጋሽ ተሰማ በራፋቸው ላይ ካቻቪቴያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። የሚመጣ የለም። እየከሱ ሄዱ። ሚስታቸው ወይዘሮ አቻምየለሽ ፋኖሱን ሆን ብለው ከመደርደሪያ ላይ ጣሉላቸው። አንድ ቀን አገገሙ፤ ከዚያ መልሰው ከሱ።

የቀረቻቸው ጎረቤታችን ላጢፋ ብቻ ነበረች።

ባሏ ሙሀመድሰዒድ ወሎዬ ነው፤ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር። ኤር ኮንዲሽነሩን ከአሰብ ጭኖ አመጣው። አሰብ ላይ ያለ እሱ እንቅልፍ የለም። አቃቂ ላይ ግን በሐምሌ ዶሮም ካፖርት ትመኛለች። ሙሀመድሰዒድ ይህን አልሰማም። የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ እንዲያየው ከመስኮቱ በላይ ግድግዳው ይበሳ አለ። በስተው የሰቀሉት ጋሽ ተሰማ ናቸው። ቅዝቃዜው ወደ መንገድ ፈስሶ እንዳይባክን ወደ ሳሎኑ ዘንበል አድርገው ሰቀሉት።

ሲበራ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይደበዝዛል። «ላጢፋ እንግዳ መጣባት» እንላለን። እንግዳው ጋቢ ተከናንቦ ሻዩን በሁለት እጁ ይይዝና ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «ማሻ አላህ» ይላል።

ብዙም ሳይቆይ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው ቅዝቃዜውን ተከትሎ ወደ ሳሎን ገባ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ አለ፤ ጭዱ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ቀርቶ ኖሮ ግድግዳው በቀለ። ለምለም ጤፍ። የላጢፋ ፍየል አንድ ጠዋት ሳሎን ገብታ ቤቱን ስትግጥ ተገኘች።

«ይጠገን» አለ ሙሀመድሰዒድ።

«ይለወጥ!» አለች ላጢፋ። «ቤቱ የቀበሌ ነው። ግድግዳው ሲወድቅ ሊቀመንበሩን ምን ልላቸው ነው? ብርድ መታው ልበል?»

በመጨረሻ ተስማሙ። መኪኖቹ ሰኞ ጠዋት ተሰብስበው በኮንቮይ ወደ አሰብ ይወርዳሉ። እስከ እሑድ ማታ ማፍሰሱን ካላቆመ ተጭኖ ይሄዳል፤ በተገኘው ይለወጣል።

ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰሙ ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። «ይህችም እምቢ ካለች ካቻቪቴውን ለቆራሌው እሰጣለሁ» አሉ። አይስቁም ነበር።

ከዚያ ፈቱት። መጀመሪያ ሲገጥሙት ያው አፈሰሰ። ሁለተኛ ሲገጥሙት እያፈሰሰ ጣርማ በርን እንደሚወጣ መኪና ያጓራ ጀመር። በሦስተኛው ሙቅ አየር ነፋ፤ ላጢፋ የልጆቹን ልብስ አሰጣችበት። በአራተኛው ወደ ቅዝቃዜው ተመለሰ፣ ወደ ማፍሰሱም። የተረፈው ብሎን የቲማቲም ቆርቆሮ ሞላ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ይህ ሁሉ ከውስጡ ነው የወጣው?» አለች ላጢፋ።

«አዎ ልጄ። አሁን ቀለል ብሎታል።»

ወይዘሮ አቻምየለሽ ከደጅ ሆነው «እንደ እኔ ያለ ዕድለኛ የለም» አሉ። «እስካሁን ያልፈታው እኔን ብቻ ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተሰማ «ችግሯ ከጀርባዋ ነው» ብለው መሰላል አስደገፉና ከውጭ ወጡ። መሰላሉ ተንሸራተተ። እሳቸውም ከላይ እንዳልኩት ተንጠለጠሉ፤ ስለ ሜትርም ተነጋገርን።

ስንነጋገር ማሽኑ አቃሰተ። በጋሽ ተሰማ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ውጭ አዘነበለ። ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ በጀርባው በኩል ወጥቶ በአንገታቸው ገባ፣ በሱሪያቸው ጫፍ ወረደ። ጮኸው ለቀቁት። በሁለት እግራቸው ቆሙ። ዓይናቸውን ገልጠው መሬቱን ሲያዩ ትንሽ ቅር አላቸው።

«ቆመ!» ብላ ጮኸች ላጢፋ ከውስጥ።

«ማን ቆመ?»

«ውሃው! ወደ ቤት መግባቱን ተወ!»

ጋሽ ተሰማ ዘንበል ያለውን ማሽን ቀና ብለው አዩ። ውሃው ወደ መንገዱ በሥርዓት ይንጠባጠባል። ትንሽ አሰቡ።

«አላልኳችሁም?» አሉ። «ትንሽ ነገር ናት።»

ሙሀመድሰዒድ ወጣ። ማሽኑን አየ፣ የወደቀውን መሰላል አየ፣ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ እዚህ ነበርክ። ጋሼ አስበው ነው ያዘነበሉት ወይስ ሲወድቁ ነው?»

በቀለና ሌላውም ጎረቤት ከየበራፉ ብቅ ብሏል። ወይዘሮ አቻምየለሽ ነጠላቸውን ጨብጠው ያዩኛል። ጋሽ ተሰማ ከአገጫቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ካቻቪቴያቸውን ከጆሯቸው አውርደው ይጠርጋሉ። 

«አስበው ነው» አልኩ። «ሲያሰሉ አይቻለሁ።»

በዚያ ዓመት ካወራሁትም ከጻፍኩትም ሁሉ ማንም ያላረመብኝ ይህን ብቻ ነው።

«በሜትር» አሉ ጋሽ ተሰማ በትሕትና።

ሙሀመድሰዒድ ፊቱ በራ። «እንግዲህ ይቀመጣል!»

«እንግዲህ ይጫናል» አለች ላጢፋ።

«ተጠገነ እኮ!»

«ለዚያ ነዋ! እያፈሰሰ ቢሄድ የሚሰጡህ ቬንቲሌተር ነው። አሁን በፍሪጅ ይለወጣል።»

ሙሀመድሰዒድ ወደ ግድግዳው፣ ወደ ፍየሏ፣ ወደ ሚስቱ አየ። ገመድ ሊያመጣ ሄደ።

ማሽኑን ያወረዱትም መኪናው ላይ ያሰሩትም ጋሽ ተሰማ ናቸው። በሸራ ሸፈኑት። «ጣርማ በር ላይ ቀስ በል» አሉት። «አሁን ዓመል ገዝታለች።»

ሰኞ ማታ በራፋቸው ላይ ሰልፍ ነበር። በቀለ ቡታጋዝ ይዟል። አንዲት ሴት ካውያ ይዛለች፤ ነጠላ አላለበሰችውም። ሦስተኛው እኔ ነኝ። የያዝኩት የጽሕፈት መኪና ምንም አልነበረበትም።

«ምን ሆና ነው?» አሉኝ።

«እንጃ፤ ይዩልኝ።»

አንኳኩ። ጆሯቸውን ለጠፉ። ፊታቸው ሲፈካ አየሁ። «ትንሽ ነገር ናት» አሉ።

ኮንቮዩ ሲመለስ ፍሪጁ መጣ። በደንብ ይሠራ ነበር። ጋሽ ተሰማ በሳምንቱ ፈቱት።