የማይጠፋው ሀ ሁ

መጥፎ የእጅ ጽሑፍ ያለው ሰው ሐኪም ካልሆነ በቀር ይቅርታ የሚያደርግለት የለም። ሐኪም ከሆነማ ጽሑፉ አለመነበቡ የእውቀቱ ጥልቀት ምልክት ሆኖ ይቆጠርለታል። መምህር ከሆናችሁ ግን ወዮላችሁ! አርባ ደቂቃ ሙሉ ክፍሉ በሞላ ገመናችሁን ሲገለብጥ ይውላል። እኔ መምህር ነኝ። ጽሑፌን ከዶሮ ጭረት ጋር የሚያመሳስሉ አሉ፤ ዶሮዋ ላይ ግፍ ነው፤ እሷ ስትጭር ቢያንስ የምትፈልገው ጥሬ አላት።

በእጄ ከሁሉ ቀድመው ተስፋ የቆረጡት የኔታ ምስጋናው ናቸው። ላሊበላ ውስጥ አራተኛ ክፍል ሳለሁ አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ሲሆኑ፣ ኋላ የኮምፒዩተር መምህር ሆኜ እዚያው ትምህርት ቤት ስመደብ ባልደረባዬ ሆኑ። ባልደረባ ማለት ለወጉ ነው እንጂ፣ የኔታ ሲገቡ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀር ከወንበሩ ብድግ ይል ነበር። ኮት የለበሱ የመንግሥት መምህር ሆነው ሳለ «የኔታ» ያሰኛቸው እጃቸው ነው። አባታቸው ከነአኩቶ ለአብ አጠገብ ብራና ሲጽፉ የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ልጃቸውንም ገና ከጥዋቱ ብዕር አስጨብጠዋቸዋል። ስለዚህ የኔታ በጠመኔ ሲጽፉ እንኳ እንደ ብራና ጸሐፊ መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ ያሳርፋሉ፣ ትንሿን ጣታቸውን ይተክላሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው ፊደሉን የሚጥሉት። «ያላረፈ እጅ ይንቀጠቀጣል» ይሉን ነበር። ጽሑፋቸውን ለማጥፋት ተረኛው ተማሪ ራሱ ይሳሳ ነበር። ቢሳሳም ያጠፋዋል፤ ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ነዋ።

ዘመኑ ከትምህርት ቀን ይልቅ የግምገማ ቀን የበዛበት ዘመን ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱን ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ሲመለሱ ትምህርት ቤታችንን ጎበኙና ምን እንደቸገረን ጠየቁን። እኛ ለሚያፈሰው ጣሪያ ቆርቆሮ ጠየቅን። የመጣው ሰሌዳ ነው። ከኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ በራሱ ብዕር የሚጻፍበት፣ የተጻፈበትንም ሁሉ ኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚያስቀምጥ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ። ሊያሠለጥን የመጣው ፈረንጅም የኮምፒዩተር መምህር ነህ ተብዬ እኔን ብቻ አሠለጠነኝ። ምክሩ ቀላል ነበር፦ በዝግታ ጻፍ፣ ፊደሉን አተልቀው፣ ክንድህን ከትከሻህ አንቀሳቅስ፤ ከሁሉም በላይ መዳፍህ ሰሌዳውን እንዳይነካ። ሰሌዳው ብዕርና መዳፍ ለይቶ አያውቅም። ሁለቱ አብረው ከነኩት ግራ ይገባውና መስመሩን መሃላቸው ይጥለዋል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ተማሪ ከወጣ በኋላ፣ ብቻዬን ተለማመድኩ። ብታምኑም ባታምኑም ጽሑፌ አማረ! የምረሳው መልካም ልማድ ስላልነበረኝ አዲሱን ለመልመድ አልተቸገርኩም። ወረቀት ላይ ያው ዶሮዋ ነኝ፤ እዚያ ሰሌዳ ላይ ግን ሰው ሆንኩ። ርዕሰ መምህሩ ቆም ብሎ አየና «አንተ ነህ የጻፍከው?» አለኝ። የዚያን ቀን ምሳዬን ሳልበላ ጠገብኩ።

ሰሌዳው በሚመረቅበት ዋዜማ የኔታ ወደ ክፍሌ መጡ። ነገ መጀመሪያ እንዲጽፉ የተመረጡት እሳቸው ናቸው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጡረታ ይወጣሉ። ሰሌዳውን በጣታቸው ጫፍ ዳሰስ አደረጉና፦

«የተጻፈበት አይጠፋም አሉኝ። እውነት ነው ልጀ?»

«እውነት ነው የኔታ፤ አይጠፋም።»

«አባቴ የጻፉት ዳዊት ይኸው እስከ ዛሬ ይደገምበታል። እኔ ዕድሜ ልኬን ጽፌ አንዲት ፊደል የለችኝም፤ ሁሉም በጨርቅ ሄደ። ነገ ከሀ እስከ ፐ አሳምሬ እጽፍና ይቀመጥልኝ። ኋላ የሚመጡት ልጆች ይከተሉታል» አሉ። ከዚያ ሊወጡ ሲሉ ዘወር ብለው፣ «የሚጠነቀቁለት ነገር አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

አለው። ከአፌ ደርሶ ነበር። ግን ምን ታየኝ መሰላችሁ? የኔታ ነገ ያንን ፊደል ሲያዘንቡት፣ የሦስት ሳምንት ድካሜን ዞር ብሎ የሚያየው ሰው እንደማይኖር ታየኝ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያማረ እጄን፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ የሚስተካከለው እንዳይኖር ተመኘሁ።

«ምንም የለው የኔታ። እንደ ጠመኔ ነው» አልኳቸው።

በማግሥቱ የወረዳ ሰዎች፣ ካህናትና ወላጆች ክፍሉን ሞሉት። የኔታ አማተቡ። መዳፋቸውን ሰሌዳው ላይ አሳረፉ፣ ትንሿን ጣት ተከሉ፣ ሀን ጀመሩ። መስመሩ ዘልሎ ወዲያ ማዶ ወደቀ። ደገሙት። የሁ እግር ሀ ላይ ወጣ፣ ሂ ጭራሽ ተሰባበረች። የኔታ ነገሩ እንዲስተካከል ብለው መዳፋቸውን አጥብቀው ሲያሳርፉ ይባስ ተዘበራረቀ። ከኋላ ልጆች ሳቁ። ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ጠራኝ፤ ብዕሩን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ አዲስ ገጽ ከፍቼ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ አማረ። መጀመሪያ ያጨበጨቡት የኔታ ናቸው።

ከዚያ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው አዩትና፣ «እጀ አርጅቷል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲያ በጠመኔም አልጻፉም፤ ተማሪ እያስነሱ ያስጽፉ ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ የኔታ «አዲስ ቴክኖሎጂ የመቀበል ክፍተት ይታይባቸዋል» ተባሉ። እኔ «አርአያ» ተባልኩ። ግለ ሂስ አድርግ ስባል፣ አልፎ አልፎ አረፍዳለሁ አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው። የኔ ዝምታ ግን ነቀዘ፤ ዓመት ሙሉ ሲበላኝ ከርሞ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይቺ ናት። ጠላ ቀዱልኝ። ጠላውን ሳልነካ ሁሉንም ነገርኳቸው፦ እጅዎ አላረጀም፣ ሰሌዳው መዳፍ አይወድም፣ አውቄ ነው ያልነገርኩዎ፣ ቀንቼብዎ ነው አልኳቸው።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉና፦

«ደግ ልጅ ነህ። ሽማግሌ ለማጽናናት ብለህ ራስህን ሌባ ታደርጋለህ? እጀ አርጅቶ ነው ልጀ። ሁሉም ያረጃል። ጠላህን ጠጣ።»

ማልኩ። ሳቁ። ቢሰድቡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። በዓመቱ አረፉ፤ እኔም ከቀባሪዎቹ ጋር «ደግ ተማሪያቸው» እየተባልኩ ቆምኩ።

ሰሌዳው ብዙ አልቆየም። መብራቱ አንዴ ሲሄድ አንዴ ሲመጣ ተቃጠለና አሁን ሻሽ ለብሶ ቆሟል፤ ጣሪያውም በላዩ ያፈሳል። ወደ ጠመኔያችን ተመልሰናል፤ እኔም ወደ ዶሮዬ። ኮምፒዩተሩ ግን ይሠራል። አንድ ቀን ፋይል ሳጸዳ የምረቃው ዕለት የመጀመሪያው ገጽ ተከፈተ፤ ማንም ሳያዘው አስቀምጦት ኖሯል። ወዲያ ማዶ የወደቀች ሀ፣ በላይዋ የወጣችባት ሁ፣ የተሰባበረች ሂ። ያ ሁሉ ዘመን ያሳመሩት በጨርቅ ሄዶ፣ አንድ ቀን የተበላሸባቸው ቀረ።

ላጠፋው ደጋግሜ ሞክሬያለሁ። ኮምፒዩተሩ እርግጠኛ መሆኔን ይጠይቀኛል፤ እኔም ሁልጊዜ እተወዋለሁ። በዚያ ዋዜማ ለየኔታ አንድ እውነት ብቻ ነግሬያቸው ነበር፤ አይጠፋም ብያቸው ነበር። ይኸው አልጠፋም።