ጩኸት የማያሳልፉት ኦቦ ሐምዱ

በየከተማው ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይጠይቁት የሚጠግን አንድ ሰው አይጠፋም። የሰበታው ግን ከሁሉም ይበልጣል። ይህን የምለው የሰበታ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ስለሆንኩም ነው።

ክቡር ኦቦ ሐምዱ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ድምፅ ማጉያ ይጠግናሉ። የተሳፈሩበት ሚኒባስ ሬዲዮ ከተንሿሿ ፉሪ ሳይደርሱ ያስቆሙና ሽቦ ይፈትሻሉ። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ማጉያው «እዝዝ» አለ። ክቡርነታቸው እጃቸውን ሳይታጠቡ ከምግብ ተነሥተው መድረኩ ሥር ገቡ። ሙሽሮቹ በር ላይ ሩብ ሰዓት ቆሙ።

«ጋብቻ የዕድሜ ልክ ነው፤ ሩብ ሰዓት ምን አላት?» አሉ ከመድረኩ ሥር።

እኔ ራሴ መንገድ ላይ ሳያቸው የምሻገር ሰው ነበርኩ። ባለፈው ጥር ግን ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

ምክንያቱ ጂቱ ናት። ጂቱ ማየት የተሳናት መምህርት ስትሆን የጻፈችውን የልጆች ተረት እኔ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ ውስጥ፣ በኔ ኮምፒውተር፣ በራሷ ድምፅ ትቀዳ ነበር። የአዲስ አበባው አሳታሚ ሁለት ጊዜ መለሰው። «ንባቡ ግሩም ነው፤ ግን ከጀርባው እዝዝ እያለ ይጮሃል። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ለሌላ አንባቢ እንሰጠዋለን» አለ። የገዛ ተረቷን ሌላ ሰው ሊያነበው!

ኦቦ ሐምዱ ሐሙስ ጠዋት መጡ። «አካም፣ ጂቱ» ብለው ማዳመጫውን አጠለቁ። አንዱን ጆሮውን ወደ እኔ አስጠግተው «ዸጋኢ! ስማ!» አሉኝ።

«ምንም አይሰማኝም።»

«ዓይንህ እየረበሸህ ነው፣ በሪሁን» አለች ጂቱ። «ማውዙን ባንቀሳቀስክ ቁጥር ጩኸቱ ይቀየራል።»

ኦቦ ሐምዱ ማዳመጫውን አውልቀው አዩዋት። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ‹ይጮሃል› ይለኛል እንጂ እንዲህ ለይቶ የነገረኝ የለም።»

እንዲያም ሆኖ መጀመሪያ አካባቢውን አጸዱ። አምፖሉን አጠፉ፣ የስልክ ቻርጀር ነቀሉ፣ የጎረቤቱን ፍሪጅ ለምነው አስጠፉ።

«አለ» ትላለች ጂቱ። «አሁንም አለ።»

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ከፈቱት። «ጥፋተኛው ውጭ አይደለም። የድምፅ ካርዱ እዚህ ሆዱ ውስጥ ተቀምጦ የሌላውን ዕቃ ኤሌክትሪክ ሁሉ ይሰበስባል። ወሬኛ መሀል የተቀመጠ ሰው ወሬ ይዞ መውጣቱ አይቀርም!» ከሱቃቸው ክብሪት የምታክል ከውጭ የምትሰካ የድምፅ ካርድ አመጡ፤ በረጅም ገመድ አገናኝተው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጧት። ማይኩንም እሷ ላይ ሰኩት።

ጂቱ ማዳመጫውን አጥልቃ ማውዙን ወዲያ ወዲህ አንቀሳቀሰች።

«ጠፋ» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ኦቦ ሐምዱ፣ አሁን የሚሰማኝ የእርስዎ ትንፋሽ ነው።»

ክቡርነታቸው ትንፋሻቸውን ያዙ።

ያን ቀን ጂቱ ተረቱን ከሀ እስከ ፐ እንደገና አነበበች። ኦቦ ሐምዱ ሱቃቸውን ዘግተው ደጃፌ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ባጃጆችን በእጅ ምልክት ወደ ሌላ መንገድ ሲያዞሩ ዋሉ። የተቆጣ ባለ ባጃጅ ቢኖርም የተከራከራቸው የለም።

ዓርብ ከሰዓት አሳታሚው ደወለ። «እንዴት ያለ ጥራት ነው! የት ስቱዲዮ ቀዳችሁት? ቦሌ ነው?»

«ሰበታ» አልኩት፣ ደረቴ እየተነፋ። «የድምፅ መሐንዲሳችን ኦቦ ሐምዱ ይባላሉ። ስማቸው ከጂቱ ስም ቀጥሎ ይግባ።»

እሺ አለኝ። በሐመሩ ሐ መሆኑን ነግሬው፣ እንዳይሳሳት ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።