ሙንተሲር ውሻውን ቡላን ሊያጥብ የዘመተበት ቀን

ከስደት በተመለስን በአራተኛው ዓመት፣ ሙንተሲር ዓሣ መሸጥ በጀመረ በዘጠነኛው፣ ሚስቱን ሳጂዳን መፍራት በጀመረም በዘጠነኛው፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ በሐይቅ ከተማ የሆነው ይህ ነው። እኔ ጎረቤቱ ምንይችል ካየሁት ሳልጨምር፣ ካፈርኩበት ግን ጥቂት ቀንሼ ጻፍኩ።

ወእምዝ፣ የደጁ ዘበኛ፣ የጅብ መቅሠፍት፣ ገናናው ውሻ ቡላ ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ በበሰበሰ የቆሮሶ ዓሣ አንጀት ላይ ተንከባሎ ተመለሰ፤ ሽታውም ከእርሱ ቀድሞ ደረሰ። እመቤት ሳጂዳም አፍንጫዋን በሻሿ ይዛ አወጀች፦ «ወላሂ! ዛሬ ይህ ውሻ ካልታጠበ፣ ሙንተሲር ሆይ፣ አንተም ከእሱ ጋር ደጅ ታድራለህ!»

ታላቁ ሙንተሲርም፣ የውሻ ምላስ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱንም በአፈር እንዲታጠብ ከልጅነቱ ተምሮ ነበርና፣ ለዕቃው የታዘዘው ለውሻውም ይሆናል ብሎ፣ ሰባት ጀሪካን ውሃ አሰልፎ፣ አንድ አካፋ አፈር ይዞ ዘመተ። አፈሩን በጀርባው በተነው፤ የልብስ ሳሙናውን ከአናቱ እስከ አፉ ለቀለቀው፤ ቀዝቃዛውንም ውሃ ድንገት ቢያወርድበት፣ ቡላ ጮኾ አመለጠና ከቆመ ባጃጅ ሥር ገባ፤ እየተንቀጠቀጠ፣ ጥርሱን እያሳየ፣ አረፋ እየደፈቀ።

ይህን ያየ ባለ ባጃጁ አሻግሬ አወጀ፦ «ኧረ የሰው ያለህ! ውሃ ፈርቷል፣ አረፋም ደፍቋል! ቡላ አብዷል! ዱላህን ይዘህ ውጣ!»

ሠራዊቱም ተሰለፈ፤ በቀኝ ባጃጅ ነጂዎች፣ በግራ መረብ ጠጋኞች፣ በደጀን ገበያተኛው ሁሉ ድንጋይ በእጁ። እኔ ጸሐፊው ግን ለታሪኩ ደኅንነት ስል አጥር ላይ ወጣሁ።

ሙንተሲር ግን አካፋውን ጥሎ ወደ ባጃጁ ሮጠ። አገሩ ሁሉ በሸሸበት ወራት ያን ደጅ ጥሎ ያልሄደ ቡላ ብቻ ነበርና፤ ስንመለስ አጥንቱ ወጥቶ እዚያው ተኝቶ አግኝተነዋል። ስለዚህ በድንጋዩና በባጃጁ መካከል ቆሞ «መጀመሪያ እኔን!» ብሎ አወጀ።

ያን ጊዜ ሀውራ ተነሣች። ይህች ሀውራ በዱባይ ስድስት ዓመት የአሠሪዋን ሦስት ውሾች ስታጥብ፣ ስታበጥር የኖረች ናት። እርሷም አወጀች፦ «በአላህ፣ ዱላችሁን ጣሉና ወደ ኋላ በሉ! ዓይን ዓይኑን አትዩት! ጅራቱን እግሩ መሃል የከተተ፣ ጆሮውን የለጠፈ ውሻ ፈርቶ ነው። አረፋው የሳሙና ነው፤ አይሸታችሁም እንዴ? አምና ሲከተብም በዓይኔ አይቻለሁ። አንተ ሙንተሲር፣ ውሃ በሳህን አኑርለት፤ ጎንህን ሰጥተህ ተቀመጥና ዝም በል!»

ታላቁ ሙንተሲር ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ቆይቶ ቆይቶ ቡላ በሆዱ እየተሳበ ወጣ፤ ሳህኑን አሸተተ፤ እየላሰም ጠጣ። ውሃ ጠጣ! ሠራዊቱ «አልሐምዱሊላህ!» አለ፤ እኔም ከአጥሩ ወርጄ «ተመስገን!» አልኩ። ቡላ አገጩን በጌታው ጉልበት ላይ ጣል ሲያደርግ ሙንተሲር አለቀሰ፤ ሳሙና ዓይኔ ገባ ቢልም ማንም አላመነውም።

ሕዝቡም ደስ ብሎት ከበበው። ያን ጊዜ ቡላ ቀጥ ብሎ ቆሞ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ተራገፈ፤ ሳሙናው፣ አፈሩ፣ የቆሮሶውም አንጀት ለሁሉ እኩል ተዳረሰ። እመቤት ሳጂዳ ከደጃፏ አወጀች፦ «ሰባት ጊዜ ያልታጠበ በደጄ እንዳያልፍ!» ሠራዊቱም እንዳለ ወደ ሐይቁ ወረደ፤ የእኔ ጋቢ እስካሁን ቆሮሶ ቆሮሶ ይሸታል።

እንግዲህ ክብር ለቡላ! ሰባት ጊዜ ሊታጠብ ተፈርዶበት በአንድ መራገፍ ከተማውን ላሳጠበ፤ ጥለነው ስንሸሽ ደጃችንን ለጠበቀ፣ ልንገድለው ስንሰለፍም ላልነከሰን። ዕድሜው ይርዘም፤ ከእንግዲህም ገላው በለብታ ውሃ ይታጠብ!