ቀልቤ ኤርፖርት የሄደ ቀን

ሰው ለምን እንደሚያስብ አይገባኝም። ቀልብ እያለ ማሰብ ምን ያደርጋል? እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ ግን ሰው ገና በር ሲያንኳኳ ምን ዓይነት እንደሆነ ቀልቤ ይነግረኛል። ሁለተኛ ባሌን የመረጠልኝ እሱ ነው። አንደኛውንም እሱ ነው የመረጠው፣ እሱን ተዉት።

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ህሊና የእጮኛዋን የናሆምን እናት ከኤርፖርት እንድቀበልላት ለመነችኝ፤ ሁለቱም ሥራ ላይ ናቸው። ሴትዮዋ ከአዲስ አበባ እኛ ወዳለንበት ባሕር ማዶ የሚመጡት ቤተሰባችንን አይተው ሰርጉን ሊመርቁ ወይም ሊያፈርሱ ነው። ህሊና ፎቷቸውን በስልክ ላከችልኝ፣ ስማቸውንም በትልቁ ጽፈሽ ያዢ አለችኝ። እኔ ሰው እንደ ጠፋ ዕቃ በማስታወቂያ ልፈልግ? ፎቶውንም አልከፈትኩት። አክስቴ፣ ፕሊስ እንዳትሳሳቺ ብትለኝ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት።

ፓርክ አድርጌ፣ አበባዬን ታቅፌ ገባሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ገና ዓይናቸውን ሲያሳርፉብኝ ቀልቤ እኚህ ናቸው አለኝ። ጉልበታቸውን ሳምኩ፣ ተቃቀፍን፣ ተላቀስን። ሻንጣቸውን ጭኜ ወደ ሰፈራችን ወደ ስኮትዴል ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ስለ ህሊና ሙያና ጨዋነት ስሰብክ፣ እሳቸው እሰይ፣ ይባርክልሽ ይላሉ። እንዲህ ያለች አማት ከየት ይገኛል እያልኩ፣ ናሆም እኮ በጉጉት አለቀ አልኳቸው። ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ልጄ፣ ናሆም ማነው አሉኝ።

ለካ የመጡት ቻምብሊ የሚባል ሌላ ሰፈር ያለችው ልጃቸው ጋ ነው። ታዲያ ለምን ተከተሉኝ ብላቸው፣ እንደዚያ ስመሽኝ ካለቀስሽ በኋላ አላውቅሽም ማለት ነውር ነው፣ ደግሞ የልጄ ባል እህት መሰልሽኝ አሉ። በይሉኝታ የተጠለፈ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዞሬ ወደ ኤርፖርቱ በረርኩ። ልጃቸው ከዘበኛ ጋር ቆማ ታለቅሳለች። የሰደበችኝን እዚህ አልጽፍም፤ ግማሹ እንግሊዝኛ ስለነበር የተቀየምኩትም ግማሹን ብቻ ነው።

ፎቶውን ያኔ ከፍቼ ብፈልግ፣ የናሆም እናት ከአንድ ምሰሶ ጀርባ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ይቅርታ እያልኩ ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። እሳቸው ረጋ ብለው፣ መጀመሪያ ስትገቢም አይቼሻለሁ፣ ናሆም ፎቶሽን ልኮልኝ ስለነበር አውቄሻለሁ አሉ። ታዲያ ምነው አልጠሩኝም ብላቸው፣ ገና ሳይሽ ቀልቤ ከዚህች ሴት መኪና እንዳትገቢ አለኝ አሉ።

ሰርጉን በማግስቱ መረቁ። ከኤርፖርት የወጡት ግን በታክሲ ነው፤ እኔ ሻንጣቸውን ጭኜ ከኋላ ተከተልኩ።