ሽማግሌ የላኩብኝ አማልክት

ትናንት እራቴን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ፣ ሦስት ወፋፍራም መጽሐፍ ደረቴ ላይ እንደተከመረ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝም። ካልተናገርኩት ግን ሊያፈነዳኝ ነው፤ ስለዚህ ስሙኝ።

መጀመሪያ ጭንቀቴን ልንገራችሁ። ስሜ ሸዋንግዛው ነው፤ አንዲት ልቦለድ ይዤ ሰባት ዓመት ስታገል ኖሬያለሁ። እኔ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፣ ባለቤቴ ትደነቂያለሽ በኮምፒውተር ትተይባለች። አሳታሚዬ መኳንንት ዘጠኝ ጊዜ መለሰብኝ። ዐርብ ዕለት ደግሞ ቁርጡን ነገረኝ፦ «ወንድሜ፣ ይቺ ፀዳለ የምትላት ዋና ገፀ ባሕርይህ ነፍስ የላትም። እስከ ሰኞ ነፍስ ካልዘራህባት መጽሐፉን እርሳው።» ሰባት ዓመት እኮ ነው! እኔም ተናድጄ፣ ነፍስ ከፈለገማ አምላክ ነው የማመጣለት አልኩና፣ ከጥንት ሴት አማልክት አንዷን መርጬ ፀዳለን በእሷ አምሳል ልሠራት ቆረጥኩ። የግብፅ፣ የግሪክና የባቢሎን መጽሐፍ ተውሼ ቤቴ ገባሁ። አንዷንም ሳልመርጥ ነው እንቅልፉ የጣለኝ።

በሕልሜ የበዓል ዋዜማ ነው፤ በግ ተራ ነኝ። ግን የታሰርነው እኛ ሰዎቹ ነን። በጎቹ ጃኬት ለብሰው በመሃላችን እየዞሩ ወገባችንን ይዳብሳሉ። አንድ ቀንዳም በግ ጎኔን ጨበጥ አድርጎ «ይሄኛውስ?» አለ። ሻጩ፣ እሱም በግ ነው፣ «ተወው፣ ደራሲ ነው፤ ከአጥንት በቀር ምንም የለው» አለው። እግዜር ይስጣቸው፣ ፈቱኝ።

መንገድ ላይ ስወጣ ዝናቡ ከአስፋልቱ ወደ ሰማይ ይዘንባል። ሰዉ የተገለበጠ ዣንጥላ ውስጥ ቆሞ ያወራል። ታክሲዎቹ በረድፍ ተሰልፈው «ኧረ እባካችሁ ግቡልን» እያሉ ይለምናሉ፤ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። አንጀቴ ራሰ።

ቤት ስገባ ትደነቂያለሽ የአባቴን ጋቢ ተከናንባ፣ ከዘራ ይዛ ተቀምጣለች። ጢም ቢጤም አብቅላለች።

«የት ጠፋህ? ሽማግሌ ሊመጣብን ነው» አለችኝ።

«የምን ሽማግሌ?»

«ልቦለድህን ሊጠይቁ ነዋ! ቆሞ ሊቀር እኮ ነው።»

በሩ ተንኳኳና አንድ አዞ ገባ። ሽማግሌ በወጉ ቆሞ ነበር የሚናገረው፤ ይሄ ግን ሶፋዬ ላይ ተዘርግቶ እኔን አቆመኝ። «ከግብፅ ነው የመጣሁት። ልጃችን ኢሲስ ልቦለድህን ወዳዋለች፤ ስጠን» አለ።

ኢሲስ! የተቆራረጠ ባሏን ከየቦታው ለቅማ፣ ገጣጥማ ነፍስ የዘራችበት! ፀዳለ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? እሺ ልል አፌን ስከፍት ትደነቂያለሽ በከዘራው ጉልበቴን መታችኝ።

«ዘር ይቆጠር» አለች። «እስከ ሰባት ቤት።»

«አባቷ ጌብ፣ እናቷ ኑት» አለ አዞው።

«ባሏስ?»

«ኦሳይረስ።»

«እሱስ የማን ልጅ ነው?»

አዞው ጉሮሮውን ጠረገ። «የጌብና የኑት።»

«ኡኡቴ! ወንድሟን ነው እንዴ ያገባችው?»

«እኛ ዘንድ ነውር አይደለም።»

«እኛ ዘንድ ሰባት ቤት ይቆጠራል! ተነስ ከሶፋዬ!»

አዞው እያለቀሰ ወጣ። የአዞ እንባ መሆኑ አልጠፋኝም፤ እኔ ግን የእውነቴን አለቀስኩ።

ወዲያው አንዲት ርግብ ከዘራዋን ክንፏ ሥር ሸጉጣ በመስኮት ገባች። የግሪኳ አፍሮዳይት ልካት ነው። ትደነቂያለሽ ዘር ልትቆጥር ስትነሳ ርግቧ፣ «ከባሕር አረፋ የተወለደች ናት፣ አትልፊ» አለቻት። ትደነቂያለሽ ተደሰተች። ነገሩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መቼም ሰው ልጁን በተጠየቀ ቀን እሺ አይልም፤ ሽማግሌ ማመላለስ ክብር ነው። እናም ደረቴን ነፍቼ «እንግዲህ ከዘመድ መክረን እንነግራችኋለን፤ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ» አልኳት።

«እሺ» ብላ በረረች።

ሳልቀመጥ አሥራ አምስቱ ቀን አለፈ። ርግብ የለችም። ወሩም አለፈ። ስደውልላት፣ «እምቢ ስላልክ ለሌላ ደራሲ ሰጠናት» አለችኝ።

«ኧረ ለወጉ ነው! ተለምኖ ነው እሺ የሚባለው!»

«እኛ አገር እምቢ ማለት እምቢ ነው» ብላ ዘጋችብኝ።

ራሴን በጥፊ አጮልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ወር ሙሉ አልፎ የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ አሁንም እሑድ ነው የሚለው፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ፀዳለም እንደ ሬሳ ተጋድማለች።

ይሄኔ በሩ ተገንጥሎ ወደቀ። የባቢሎኗ ኢሽታር ሽማግሌ አልላከችም፤ አንበሳዋን ደጅ አስራ ራሷ መጣች። መጽሐፉ የፍቅርም የጦርነትም አምላክ ናት ይላል። ፊቷን ሳየው የፍቅሩን ቤቷ ትታው የመጣች መሰለኝ።

«ሰጥተናል!» አልኩ ገና ሳትጠይቅ። «ያለ ቀጠሮ፣ ያለ ምክር! ውሰጂው!»

«ቀስ በል። ይቺ ፀዳለ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«ፍቅረኛዋን ትጠብቃለች። መስኮት ላይ ቆማ።»

«እስከ መቼ?»

«እስከ ገጽ ሦስት መቶ አርባ።»

«ከዚያስ?»

«በፈረስ ይመጣላታል።»

«እሷስ?»

«ታለቅሳለች።»

«ከመምጣቱ በፊትስ?»

«ያኔም ታለቅሳለች፤ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ።»

ትደነቂያለሽ ጋቢው ውስጥ ተደብቃ ሳቀች። ኢሽታር ግን አልሳቀችም። «ስማ አንተ! እኔ ሰባት በር አስከፍቼ ሲኦል ወርጄ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ለመስኮት መጋረጃነት ነው ያጨኸኝ?»

«እመቤቴ፣ ጥበብ እኮ...»

«ዝጋ! ፈረሱ ላይ እኔ እወጣለሁ። መስኮቱ ላይ አንተ ትቆማለህ።»

በኮሌታዬ አንጠልጥላ ገጽ አንድ ውስጥ ወረወረችኝ። ቀሚስ ለብሼ፣ ሹሩባ ተሠርቼ መስኮቱ ላይ ተገተርኩ። ገጽ ሃምሳ ላይ ራበኝ፤ የምበላበት አንቀጽ የለም። ገጽ መቶ ሃያ ላይ ሽንቴ መጣ። ለካ በሰባት ዓመት ውስጥ ለዚህች ልጅ ሽንት ቤት አልሠራሁላትም! አፈርኩ፤ ከልቤ ነው ያፈርኩት። ገጽ ሦስት መቶ ላይ እግሬ ከዳኝና «ኧረ የሰው ያለህ! ወንበር እንኳ ስጡኝ!» ብዬ ስጮህ ባነንኩ።

ነግቷል። ትደነቂያለሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ ዳቦ ታላምጣለች።

«ምን ያስጮህሃል? ላክሁት እኮ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን። አንተ ስታንኮራፋ ቁጭ ብዬ አስተካከልኩት። ሰባት ዓመት አንድ ዓይነት ለቅሶ ስተይብ ጣቴ አለቀ። አሁን ፀዳለ ገጽ አሥራ ሁለት ላይ መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ትወጣለች። የት እንደምትሄድ አንብበህ ድረስበት።»

«ማንን አስፈቅደሽ?»

«አንተስ ማንን አስፈቅደህ ነው ስታስለቅሳት የኖርከው?»

ይሄኔ ስልኬ ጠራ። መኳንንት ነው። አለቀልኝ ብዬ፣ ጥፋቱ የሚስቴ ነው ልለው ተዘጋጅቼ አነሳሁት።

«ሸዋንግዛው!» አለኝ። «ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ሳነብ ነው ያረፈድኩት። ነፍስ አላት! በእውነት ነፍስ አላት!»

«አዎ፣ እንግዲህ...» አልኩ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ከጥንት አማልክት ነው ያመጣኋት።»

«ተው እባክህ! ያንተን አጻጻፍማ ዘጠኝ ጊዜ አንብቤዋለሁ። በል ስልኩን ለደራሲዋ ስጥልኝ።»

ሰጠኋት።