ቡችላ ሊጠይቁ የመጡት አማቴ

በእኛ ከተማ፣ በሶዶ፣ ሰው ሰውን ከሚለምናቸው ነገሮች ሁሉ እምቢ የማይባለው ቡችላ ነው። ብድር ብትጠይቁ "እኔም ጨንቆኛል" ትባላላችሁ፤ ሞተር ብትዋሱ ጎማው ተንፍሷል። ውሻዬ ወለደች ያለ ሰው ግን የመስጠት ግዴታ ገብቷል። እንዲያውም እስክትወልድ የሚጠብቅ የለም። ውሻችሁ ትንሽ ወፈር ካለች መንገድ ላይ ያስቆሟችሁና "አንድ ወንድ አስቀምጥልኝ፣ አደራ" ይሏችኋል። ወንድ ነው የሚባለው፣ ልብ በሉ። ሴቷን አስቀምጡልኝ የሚል ስለሌለ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ በማዳበሪያ ከረጢት ወደ ቦይ ትሄዳለች።

የወንዱም ዕድል ቢሆን ያን ያህል አያስቀናም። ጡት ሳይጥል ይወሰዳል፤ ኃይለኛ እንዲሆን ጆሮው ይቆረጣል፤ ቀን ቀን ጨለማ ውስጥ ይታሰራል፤ ከዚያ ዳጣ ይቀምሳል። ዳጣ የማታውቁ ካላችሁ፣ እኛ ከጥሬ ሥጋ ጋር የምንበላው፣ እንባ የሚያስመጣ በርበሬ ነው። ውሻን ቁጡ ያደርጋል ይባላል። በዳጣ ቁጡ የሚኮን ቢሆን ኖሮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሶዶ ውስጥ ማንም ከቤቱ ባልወጣ ነበር።

እኔ በሥራዬ የባጃጅ መለዋወጫ ነጋዴ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ የከፈተውን ሱቅ ወርሻለሁ። በኩራቴ ግን ውሻ አርቢ ነኝ። ነገሩ የተጀመረው ንግሥት የምትባለውን ውሻዬን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደ እንስሳት ሐኪም የወሰድኳት ቀን ነው። ሐኪሟ "ልታስወልዳት አስበሃል?" አለችኝ። አስቤያለሁ አልኩ። "አባትየውስ ማን ነው?" ስትለኝ፣ እንግዲህ ሰፈሩ ይወስናላ ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ወንበር ሳበችልኝ፤ ትምህርቴም እዚያው ወንበር ላይ ተጀመረ።

ውሻ ማርባት ማለት አጥር መክፈት አለመሆኑን የተማርኩት ከእሷ ነው። እናቲቱ ሰውነቷ እስኪጠና መታገሥ፣ አባትየውን ጤናውንም ጠባዩንም አይቶ መምረጥ፣ ወንድምና እኅት አለማገናኘት፣ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ማሳረፍ፣ ቡችሎቹ ጡት እስኪጥሉ አለመስጠት፣ የሆድ ትል መድኃኒት፣ ክትባት፣ ከሰው ጋር ማላመድ። የንግሥት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በሰልፍ ከማደሪያቸው ወጥተው ግቢውን ሲዞሩት ብታዩ! ሴቱም ወንዱም ሳይቀር፣ ሁሉም ጠጉራቸው የሚያበራ፣ ሆዳቸው ያልተነፋ። ሱቅ ውስጥ ፒስተን የሚገዛውን ሰው ሁሉ ፎቶ አሳየሁ። ኩራት ነው ካላችሁ፣ አዎ ኩራት ነው።

ሰፈሩን ያስቆጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ቡችላ ከመስጠቴ በፊት የሚያድርበትን ግቢ ሄጄ አያለሁ። የት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ ይታሰር እንደሆነ እጠይቃለሁ። "ቡችላ ነው ወይስ ሙሽራ የምትድረው?" ያላለኝ የለም። እኔም ሳላፍር፣ ሙሽራ ነው እላለሁ። ቅር እያላቸውም ቢሆን አሳዩኝ፤ አምነው የወሰዱትም ዛሬ ውሾቻቸውን በስም እየጠሩ ያወሩልኛል።

ታዲያ አንድ ቀን የሚስቴ አባት ከጎረቤት ከተማ፣ ከአረካ፣ ደወሉ። ጋሽ ማርቆስ አረካ ውስጥ ሁለት ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚጠሩ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ግቢው ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቡችላ ፈለጉ። እኔም አፌ ለምዶበት "መጀመሪያ ግቢዎን ልየው፣ አባባ" አልኳቸው።

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ቤቱም ዝም አለ። ባለቤቴ ምሕረት ሳህን ስታስቀምጥ ሳህኑ ይናገር ጀመር። "አባቴን ነው ልትመረምር?" አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ከሳህኑ በቀር ያነጋገረኝ የለም።

እሑድ ከጸሎት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ማርቆስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ግራና ቀኛቸውን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ቆመዋል። ግቡ ብዬ ወንበር አቀረብኩ። አልተቀመጡም።

"ሳሮ፣ ሰላም ላንተ ይሁን፣ ልጃችን" አሉ አንደኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ቤትህ ቡችላ አለ ሲሉ ሰማን። ጨዋ ነው አሉ፣ ክትባት ጨርሷል አሉ። ለልጃችን ለማርቆስ ልንጠይቅ መጣን።"

ጋሽ ማርቆስ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ደፉ። ምሕረት የማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ በነጠላዋ አፏን ሸፍናለች።

እንግዲህ በእኔ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። ስቄ ብሰጥ ነገ ሶዶ በሙሉ "ለአማቱ ሳያይ ሰጥቷል" ይላል፤ ደንቤ አበቃለት። እምቢ ብል ሦስት ሽማግሌ ባዶ እጅ መሸኘት ነው፤ ከምሕረት ጋር ደግሞ ዕድሜ ልኬን በሳህን መነጋገር። ስለዚህ ጠየቅሁ።

"ውሻው ቀን የት ይውላል?"

"ከእኔ ጋር።"

"ይታሰራል?"

"አጥር አለኝ። ምን ብዬ አስራለሁ?"

"ጆሮውስ?"

"የራሱ ጆሮ ነው፣ እኔ ምን አገባኝ።"

"ዳጣስ ይሰጡታል?"

"ለእኔም ሐኪም ከልክሎኛል" አሉ።

ከዚህ በላይ የመለሰልኝ ሰው የለም። የሚከብደውን ግን ገና አልነገርኳቸውም። "አባባ፣ ወንዶቹ ሁሉ ሄደዋል። የቀረችው አንዲት ሴት ናት" አልኩ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እስከዚያ ቀን ለዚህች ቡችላ የመጣ ሰው ሁሉ ጭራዋን አንሥቶ እያየ ተመልሷል።

"ሴት ነው? ይሁን" አሉ ጋሽ ማርቆስ ወደ ምሕረት ዞር ብለው። "እኔ ሴት ልጅ ነው ያሳደግሁት። ምን ጎደለኝ?"

ደስ አለኝ። ደስታዬ አደፋፈረኝና የመጨረሻውን ደንብ ጨመርኩ። ቡችላ ሰጥቼ ዘወር እንደማልል፣ እየሄድኩ ክብደቷንና ጥርሷን እንደማይ፣ እንዳልተመቻት ካየሁም መልሼ እንደምወስድ በኩራት አስረዳኋቸው።

"እሱን አውቃለሁ" አሉ። "ጎረቤቴም ካንተ ወስዷል። ስትመጣ በአጥር አየሁህ። ቡችላው አፍ ከፍተህ ጥርሱን ስታይ ነበር። ደጋግመህ መጣህ። ከዚያ ሚኒባስ ይዘህ ሄድክ።"

ጉንጫቸውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"እኔም ጥቂት ጥርስ ቀርቶኛል፣ ልጄ።"

መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ። ሱቁን ክፍት ትቼ ስለምሄድ እቸኩላለሁ፤ ለካ በእሳቸው ደጅ ስመላለስ ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ጎራ አላልኩም። ምሕረት ቡችላዋን አቅፋ መጥታ አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠቻት። ቡችላዋም የሙሉ ልብሳቸውን ቁልፍ ማኘክ ጀመረች።

"ሎኦ፣ መልካም ነው" አሉ ሽማግሌው። "አሁን እንቀመጣለን።"

ከዚያ ወዲህ ኃላፊነት የሚሰማው አርቢ እንደሚገባው አረካን እንመላለሳለን፤ ከምሕረት ጋር። ልጅቷ ግሩም ውሻ ሆናለች። ጆሮዋ ቆሟል፣ ቤተሰብ ከእንግዳ ትለያለች፣ ጋሽ ማርቆስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ተከትላቸው ደጅ ላይ ትጠብቃለች፤ ቦይ ከሚበላቸው አንዷ ነበረች ብላችሁ የሚያምናችሁ የለም። እንደኔ ያለ አርቢ በዞኑ አለ የሚል ካለ ይምጣና ይያት።

ባለፈው እሑድ ግን ሱቅ ዕቃ ገባና ቀረን። ሰኞ ጠዋት ስልክ ተደወለ። "ቡችላው ምግብ እምቢ አለ" አሉ ጋሽ ማርቆስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሱቄን ዘግቼ፣ ምሕረትን ይዤ በረርኩ። በሩን ስንከፍት በሽተኛዋ የእሳቸውን አንድ እግር ጫማ ግማሹን ጨርሳ፣ ሁለተኛውን ይዛ እየዘለለች ተቀበለችን። እኔም ወግ አይቅር ብዬ አፏን ከፍቼ ጥርሷን አየሁ። ጋሽ ማርቆስ በባዶ እግራቸው ምሳ እያቀረቡ ነበር። በላን፣ ተጫወትን፤ ወደ ሶዶ የሚሄደው የመጨረሻው ሚኒባስ ደጅ ላይ ጥሩምባውን ነፋ። ሁላችንም ሰምተነዋል፤ የተነሣ ግን አልነበረም።