የዱጉን ደም ያደረቀው የአንባብያን መድረክ

ከገንዳ ውሃ ብዙም የማትርቀው ያቺ የቆላ ከተማ ለመጽሐፍ ያላት ክብር ሊመሰገን ይገባዋል። መጽሐፍ እዚያ እንደ ተራ ዕቃ በየቀኑ እየተገለጠ አይጎሳቆልም። ከነፕላስቲኩ መደርደሪያ ላይ ይሰየማል፤ ባለጉዳይም በአጠገቡ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

የዚህ ክብር ዋና ጠባቂ የባህል ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ባየልኝ ነበሩ። ከወንበራቸው ጀርባ የሁለተኛ ደረጃ መምህርቷ የዓለምወርቅ የጻፈቻቸው ሦስት ተከታታይ ልቦለዶች ቆመዋል። ታሪኩ ከአርባ ሺህ ዓመት በፊት በጓንግ ወንዝ ዳር ድንጋይ እየፈለጡ፣ ዓሣ እያጠመዱ ስለኖሩ ሰዎች ነው ይባላል። አቶ ባየልኝ ሦስቱንም ጠንቅቀው ያውቋቸዋል፤ አንደኛው ቀይ ነው፣ ሁለተኛው አረንጓዴ ነው፣ ሦስተኛው አቧራ ስለጠጣ ቀለሙ አይለይም።

እኚህ ሰው ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ጎንደር መዛወር። ባለቤታቸውም ልጆቻቸውም ጎንደር ናቸው። እሳቸው ወባ እየተመላለሰባቸው፣ ሙቀቱ እንቅልፍ እየነሳቸው ዓመታቱ ነጎዱ። ትንሿ ልጃቸው በስልክ ስታናግራቸው “ጋሼ” ማለት ጀምራለች፤ ይሄ ከወባውም ይልቅ አንጀታቸውን ይቆርጠው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን የበላይ አለቃቸው ደውለው፣ “አንድ ዘላቂ ውጤት ያለው ሥራ ሠርተህ ሪፖርት አድርግ እንጂ፣ የዝውውርህን ነገር ለእኔ ተወው” አሏቸው።

አቶ ባየልኝ ዘላቂ ውጤት ከወዴት እንደሚመጣ ሲያወጡ ሲያወርዱ ሰነበቱ። በመጨረሻ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ዐረፈና የአንባብያን አስተያየት መድረክ እንዲዘጋጅ አዘዙ።

ለስላሳ እንደሚኖር አስቀድሞ ስለተነገረ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አቶ ባየልኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው መክፈቻውን ጀመሩ። “የቅድመ ታሪክ ዘመንን አስመልክቶ የተዘጋጀውን ይህን ተከታታይ ልቦለድ ከማንበብ አንጻር፣ ንባብ እንደ ንባብ ያለውን ፋይዳ በንባብ ደረጃ ከማረጋገጥ አኳያ…” ካሉ በኋላ መንገዱ ስለጠፋባቸው አጨበጨቡ። ሕዝቡም ተከትሎ አጨበጨበ።

መጀመሪያ ዕድል የተሰጠው ለጨርቅ ነጋዴው ለሷሊህ ነበር።

“ወላሂ ቆንጆ መጽሐፍ ነው” አለ። “ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ አንድም የገበያ ቀን የለም። ሰው ያለ ገበያ እንዴት ይኖራል?”

“አንብበኸዋል?” አለች የዓለምወርቅ ከፊት ወንበር ዞር ብላ።

“ልጄ ነግራኛለች።”

“እሷስ አንብባዋለች?”

“ጀርባውን አይታዋለች።”

አቶ ባየልኝ ጠረጴዛውን መቱ። “ደራሲዋ አስተያየት ሰጪ አታዋክብ! መድረኩ የአንባቢ ነው።”

ቀጥሎ ወይዘሮ ባንቺአየሁ የተባሉ የሰንበቴ ማኅበር እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። “እነዚህ ሰዎች ረቡዕ ሥጋ ይበላሉ” አሉ በኀዘን።

“ረቡዕ መሆኑን በምን አወቁ፣ እማማ?” አለች ደራሲዋ።

“ልጄ፣ ሥራቸው ሁልጊዜ መብላት ነው አሉ። በዚያ ሁሉ መብላት ውስጥ ረቡዕ ሳይገባበት ይቀራል?”

ይህ ጥልቅ የሥነ ጽሑፍ ሂስ በጭብጨባ ታጀበ። አቶ ባየልኝም “ጾም” ብለው በእጃቸው መዳፍ ላይ ማስታወሻ ያዙ። መድረኩ እስከዚህ ድረስ እንዳሰቡት ሄዶላቸዋል፤ ጎንደርም ከሩቅ ትታያቸው ጀምራለች።

ነገሩ የተበላሸው ትልቁ የሰሊጥ ባለሀብት አቶ ውባንተ ሲነሡ ነው። አቶ ውባንተ ከሌላው ይልቅ ለመጽሐፉ ይቀርባሉ። በአረም ወቅት አንድ ፊደል የቆጠረ ሠራተኛ በእርሻቸው ካምፕ ውስጥ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነብ ነበር። ሻቅ የተባለው ሰውዬ ዱጉ የተባለውን በውኃ ጠብ ተነሣስቶ አናቱን በድንጋይ የሚመታበት ቦታ ላይ ሲደርስ አንባቢውን ወባ ጣለው። ንባቡ እዚያው ላይ ቆመ። ያቺ ከተማ ስለ ሦስቱ መጻሕፍት የምታውቀው ነገር በሙሉም እዚያው ላይ ቆመ።

“ወንዙ የሚታጠፍበት፣ ጥቁር ቋጥኝ ያለበት የተባለው ቦታ የእኔ ማሳ ነው” አሉ አቶ ውባንተ። “አባቴ መንጥሮ ያቀናው ነው። እዚያ የኖረ ሰው የእኔ ወገን ያልሆነ የማን ሊሆን ነው? ዱጉ የእኛ ሰው ነው!”

“አባትዎ ከበለሳ የወረዱ አይደሉም እንዴ?” አለች የዓለምወርቅ።

“ሥርዓት!” አሉ አቶ ባየልኝ።

ከወንዙ ማዶ የሚያርሱት ወይዘሮ ዙፋን ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሡ። እኚህ ሴትዮ በንብረትም በኩራትም ከማንም አያንሱም። “ማዶ ያለው ዋሻ በእኔ መሬት ነው። እንግዲያው ሻቅም የእኔ ነው። እንኳን መታው! የእኛ ዘር ይመታል እንጂ ተመትቶ አያውቅም።”

“እንደዚያ ነው?” አሉ አቶ ውባንተ።

“እንደዚያ ነው!”

“እንግዲያው ደሜ ያለው እርስዎ ቤት ነው።”

የዓለምወርቅ እጇን ከፍ አድርጋ “ኧረ ዱጉ እኮ…” ስትል አቶ ባየልኝ ተራ እንድትጠብቅ አዘዟት። ተራ እስክትጠብቅ አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ በፊት በር ግማሹ በጓሮ በር ወጥቶ ሄደ። ለስላሳውንም ይዞ ሄደ።

ደም የተቃባ ሰው በዚያ አገር አንድ ገበያ አይውልም፤ ከአንድ ጉድጓድም አይቀዳም። የአቶ ውባንተ ሰዎች ክላሻቸውን ይዘው ከወዲህ ዳር፣ የወይዘሮ ዙፋን ሰዎችም ከወዲያ ዳር ተቀመጡ። የአጨዳ ሠራተኛው በጥይት መሐል ገብቼ አላጭድም ብሎ ማጭዱን ሰቀለ። ሰሊጥ ደግሞ ጊዜው ሲደርስ ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ የሚረግፍ ሰብል ነው። አንድ ዓመት የተለፋበት ሀብት ስለ ዱጉ እየረገፈ ሁለቱ ወገኖች በጀግንነት ተፋጠው ከረሙ።

አቶ ባየልኝ ፍርሃት ያዛቸው። አንድ ጥይት ቢጮህ የሚወድቀው የመጽሐፍ ሰው አይደለም። “በእኔ መድረክ ምክንያት የሰው ነፍስ ጠፋ ከተባለ፣ ጎንደር ለዘላለም ቀረችብኝ” ብለው አሰቡ። በዚህ ጭንቅ ውስጥ መጽሐፉን ገልጦ ማየት ለአፍታ እንኳ ውል አላላቸውም፤ አንድ የመንግሥት ኃላፊ በአጣዳፊ ሥራ መሐል ለንባብ የሚሆን ጊዜ ከየት ያመጣል? ደም የሚያደርቁ አስታራቂ ሽማግሌዎች ሰበሰቡ።

ሽማግሌዎቹ ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ነገሩን በሚገባው ክብደት ያዙት።

“ዱጉ ለውባንተ ምኑ ነው?” አሉ ሰብሳቢው።

አቶ ውባንተ ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። ሰብሳቢው ራሳቸውን ነቀነቁ። “ከዚያ በላይ ያለው ጥቂት ነው፤ ይሁን ብለን እንለፈው” አሉና አርባ ሺህ ዓመት ታለፈ።

በልማዱ የገዳይ ወገን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከሟች ወገን እግር ሥር ይወድቃል። ለዚህ የተመረጠው የወይዘሮ ዙፋን ልጅ ያብስራ ነበር። ያብስራ ገንዳ ውሃ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፤ ከሥራው ላይ ተጠርቶ መጣና የተሸከመው ድንጋይ አንገቱን ሲያጎብጠው ወደ እናቱ ዞረ።

“እማ፣ ማንን ነው የገደልኩት?”

“ዝም ብለህ ተሸከም!”

“ስሙን እንኳ ልወቀዋ!”

“ሲጨርሱ እነግርሃለሁ።”

ያብስራ ወደቀ፣ ተነሥ ተባለ፣ ተነሣ። በሬ ታረደ። አቶ ውባንተ ለዱጉ እንባቸውን ጠረጉ፤ እውነተኛ እንባ ነበር። ወይዘሮ ዙፋንም “የሻቅ እጅ ይሰበር” ብለው አቀፏቸው። ክላሹ ወደየቤቱ ገባ፤ ያልረገፈውም ሰሊጥ መታጨድ ጀመረ። አቶ ባየልኝ በሬው ተበልቶ ሳያልቅ ሪፖርታቸውን ወደ ላይ ላኩ፤ “ከአርባ ሺህ ዓመት በላይ ሲንከባለል የመጣ የደም መፋሰስ በተቀናጀ አመራር በአንድ ሩብ ዓመት መቶ በመቶ ተፈትቷል” ይላል።

ከዚያ በኋላ ጥጋብ መጣና ቸር አደረጋቸው። “እስቲ ደራሲዋም አጠር አድርጋ የደስታ መልእክት ታስተላልፍ” አሉ።

የዓለምወርቅ ተነሣች። ደክሟታል። “ዱጉ አልሞተም” አለች።

እጅ ሁሉ ከትሪው ላይ ቆመ።

“ምን ማለትሽ ነው?” አሉ አቶ ውባንተ።

“ራሱን ስቶ ነው የወደቀው። ሁለተኛው መጽሐፍ ሲጀምር ይነሣል። ከሻቅም ጋር ታርቀው አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ ልጆቻቸውን ያጋባሉ።”

“ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?”

“እጄን ባነሣሁ ቁጥር ‘ሥርዓት’ ስባል ነው የከረምኩት።”

ያብስራ አንገቱን እያሸ ከወደ ዳር፣ “ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው ነው እንዴ ያን ቋጥኝ ያሸከማችሁኝ?” አለ።

ደራሲዋ ሰዉ የሚደሰት መስሏት ነበር። መጻፍ እንጂ አንባቢን ማወቅ ገና ይቀራታል። አቶ ውባንተ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። “ያለቀስኩለት ሰው እንዴት ሕያው ይሆናል? ሰው ምን ይለኛል?”

“እኔስ?” አሉ ወይዘሮ ዙፋን። “ልጄን በሕዝብ ፊት ያስወደቅሁት ለዓሣ አጥማጅ ነው?”

ሰብሳቢው ሽማግሌም ተቆጡ። “በሬው ታርዷል፤ መሐላው ተፈጽሟል። ሟች የሌለበት ዕርቅ በአገራችን ታይቶ አይታወቅም።”

በዚያ ቀን ሁለቱ ወገኖች በእውነት ታረቁ፤ መምህርቷ ላይ አንድ ሆነው ተነሡባት። አቶ ባየልኝ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው በልመና ድምፅ፣ “አራተኛው መጽሐፍ ገና እጅሽ ላይ ነው አይደል? እንግዲያው እዚያ ግደይው” አሏት።

“ለምን ብዬ?”

“ሪፖርቱ ሄዷል፣ እህቴ።”

“አራተኛው ላይ ሸምግሎ፣ የልጅ ልጆቹ መሐል ነው የሚሞተው።”

“በሽምግልና አይሆንም! በድንጋይ ይሁን። በሻቅ እጅ። ፈጠን ብሎ ቢሆን ደግሞ…”

“አልገድለውም” አለች የዓለምወርቅ፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ሄደች።

አቶ ባየልኝ የዱጉን ሕይወት እንዴት እንደሚያስጠፉ እያሰቡ ሳለ ስልካቸው ጮኸ። አለቃቸው ነበሩ። ከዋርካው ራቅ ብለው አነሡት።

“ባየልኝ! ሪፖርትህ አሁን በስብሰባ ላይ ተነብቦ ቆመን ነው ያጨበጨብነው። ዝውውርህ ጸድቋል!”

“እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ! ለቤተሰብ ልደውል… መቼ ነው ጎንደር የምገባው?”

“የምን ጎንደር ነው? ድንበሩ ጫፍ ላይ፣ ክረምት መኪና በማይገባበት በረሃ፣ ሁለት ቀበሌ ደም ተቃብቶ እየተላለቀ ነው። አንተን የመሰለ ደም አድራቂ ጎንደር ተቀምጦ ምን ይሠራል? ነገ ጠዋት መኪና ይመጣልሃል።”

አቶ ባየልኝ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ከመናገር የተሻለ መውጫ አልነበራቸውም።

“ጌታዬ… ያ እኮ ልቦለድ ነው። የሞተ ሰው የለም። ማንም አልሞተም!”

አቶ ባየልኝ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

“ተመልከት እንግዲህ!” አሉ አለቃቸው፣ ድምፃቸው በአድናቆት እየተሰበረ። “ሟች በሌለበት ይህን ያህል ከሠራህ፣ ሟች ባለበት ምን ልትሠራ ነው!”